በጠፋ መሣሪያ ውስጥ ያልጠፋ ኤሌክትሪክ፦ የአማተር ሬዲዮ የቫልቭ አምፕሊፋየሮች አደጋ ከየት ይመነጫል?

ማብሪያው ጠፍቷል፤ ገመዱም ከሶኬት ተነቅሏል። የቫልቮቹ ብርሃን ከስሟል፤ የማቀዝቀዣው ድምፅም ቆሟል። መሣሪያው በድን ይመስላል። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ግን ሰው ለመግደል የሚበቃ ኤሌክትሪክ እንደያዙ ሊቆዩ ይችላሉ።

በዓለም ዙሪያ በሚገኙ የአማተር ሬዲዮ ተጠቃሚዎች ጠረጴዛ ላይ ዛሬም የሚታዩት የቫልቭ አምፕሊፋየሮች፣ ግለሰቦች በቤታቸው ከሚጠቀሙባቸው የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁሉ እጅግ አደገኛ ከሚባሉት መካከል ናቸው። የሚሠሩት በሦስት ሺህ ቮልት ገደማ ነው፤ ይህም ከግድግዳ ሶኬት ከሚገኘው 220 ቮልት ከ13 እጥፍ በላይ ነው። ይሁንና አደጋው በዚህ ቁጥር ብቻ አይለካም። በመሣሪያው ውስጥ ሬዞናንስ የሚባል የተፈጥሮ ሕግ ይሠራል፤ መሣሪያውን ጠቃሚ የሚያደርገውም፣ በፊት ለፊቱ ያለው ሜትር ጨርሶ የማያሳየውን ቮልቴጅ የሚፈጥረውም ይኸው ሕግ ነው።

ይህን አደጋ ለመረዳት የቫልቭ አምፕሊፋየር እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ መመልከት ያስፈልጋል።

አማተር ሬዲዮ እና አምፕሊፋየር

አማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያላቸው ግለሰቦች ለንግድ ሳይሆን ለመማር፣ ለምርምርና ለአስቸኳይ ጊዜ ግንኙነት የሚጠቀሙበት አገልግሎት ነው። እያንዳንዱ አገር የራሱ የጥሪ ምልክት አለው። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በ"ኢቲ"፣ የኤርትራ በ"ኢ3"፣ የጅቡቲ በ"ጄ2"፣ የሱዳን በ"ኤስቲ"፣ የኬንያ ደግሞ በ"5ዜድ" ይጀምራሉ። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ የሆነው "ኢቲ3ኤኤ" የሚገኘው በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ድምፅ ለመስማት በሚናፍቁ የሌሎች አህጉራት ተጠቃሚዎች ዘንድ በስፋት ይታወቃል።

አንድ የተለመደ የአማተር ሬዲዮ 100 ዋት ገደማ ያስተላልፋል። አየሩ ምቹ ሲሆን ይህ ኃይል ከአዲስ አበባ እስከ ቶኪዮ ወይም እስከ ኒው ዮርክ ሊደርስ ይችላል። አየሩ ሲከፋ ግን ድምፁ በጫጫታ ይዋጣል። አምፕሊፋየር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ የሬዲዮውን 100 ዋት ተቀብሎ ወደ 1,000 ዋት እና ከዚያ በላይ ያሳድገዋል። በዩናይትድ ስቴትስ ለአማተሮች የተፈቀደው ከፍተኛ ኃይል 1,500 ዋት ነው።

ለምን 3,000 ቮልት አስፈለገ?

ቫልቭ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስታወት ወይም የሴራሚክ ዕቃ ነው። በመካከሉ ያለው ፊላመንት ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይረጫል። ዙሪያውን የከበበው ፕሌት የሚባለው ብረት ደግሞ በከፍተኛ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ይስባል። በሁለቱ መካከል ያለው ግሪድ የተባለ የሽቦ መረብ እንደ በር ጠባቂ ነው፤ በግሪዱና በፊላመንቱ መካከል ያለው ትንሽ የቮልቴጅ ለውጥ ትልቁን የኤሌክትሮን ጎርፍ ይቆጣጠራል። የቫልቭ ማጉላት ምሥጢር ይኸው ነው።

ኤሌክትሮኖች ባዶውን ክፍተት በብዛት እንዲያቋርጡ ኃይለኛ ስበት ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ቫልቭ የሚሠራው በከፍተኛ ቮልቴጅና በአንጻራዊነት በአነስተኛ ከረንት ነው። በሁለት 3-500ዜድ ቫልቮች የሚሠራውን የተለመደ አምፕሊፋየር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ፕሌቶቹ 3,000 ቮልት ሲያገኙና 0.65 አምፔር ሲያልፍባቸው፣ የሚወስዱት ኃይል 1,950 ዋት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 1,200 ዋት ገደማው የሬዲዮ ሞገድ ሆኖ ወደ አንቴና ሲሄድ፣ የቀረው 750 ዋት ፕሌቶቹን የሚያግል ሙቀት ይሆናል።

ሆኖም አንድ ችግር አለ። አንቴናው ኃይል መቀበል የሚሻው ከቫልቮቹ በተቃራኒ መንገድ ነው። የአንቴናው መስመር 50 ኦም ነው፤ 1,200 ዋት ለመሸከም 245 ቮልትና 4.9 አምፔር ይበቃዋል። ቫልቮቹ ግን 2,500 ኦም የሚያህል ጭነት ማየት ይፈልጋሉ። ቫልቮቹንና አንቴናውን የሚያስታርቀው አካል ሬዞናንስ ነው።

የዥዋዥዌው ሕግ

ልጅ ተቀምጦበት ዥዋዥዌ የሚገፋ ሰው ታላቅ ጉልበት አያስፈልገውም። ዥዋዥዌው በተመለሰ ቁጥር በትክክለኛው ጊዜ ትንሽ ገፋ ካደረገው፣ ልጁ ከፍ ከፍ እያለ ይሄዳል። ከፍታውን ያመጣው የአንዱ ግፊት ብርታት ሳይሆን የግፊቶቹ መገጣጠም ነው።

ኮይልና ካፓሲተር አንድ ላይ ሲያያዙም የሚሆነው ይኸው ነው። ካፓሲተሩ ኃይልን በኤሌክትሪክ ቻርጅ፣ ኮይሉ ደግሞ በማግኔት መስክ ያከማቻል። ኃይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ይወዛወዛል። የውዝዋዜው ፍጥነት የሚወሰነው በሁለቱ መጠን ነው፤ ሁለቱም ሲያድጉ ውዝዋዜው ይዘገያል፣ ሲያንሱ ይፈጥናል። ከውጭ የሚመጣው ግፊት ከዚህ ተፈጥሯዊ ፍጥነት ጋር ሲገጥም ሬዞናንስ ተፈጠረ ይባላል።

በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ያለው ይህ ሰርኪት ሁለት ተለዋዋጭ ካፓሲተሮችና አንድ ኮይል አሉት። ቅርጹ ከግሪኩ ፊደል "ፓይ" ጋር ስለሚመሳሰል "ፓይ ኔትወርክ" ይባላል። በሰርኪቱ ውስጥ የሚወዛወዘው ኃይል በእያንዳንዱ ዙር ከሚወጣው ኃይል ጋር ያለው ንጽጽር ኪው በሚባል ቁጥር ይገለጻል። ኪው ለአምፕሊፋየር ብዙውን ጊዜ 12 አካባቢ እንዲሆን ይመረጣል።

ይህ ቁጥር ቀላል ቢመስልም ውጤቱ ቀላል አይደለም። በምሳሌያችን ከቫልቮቹ የሚወጣው የሬዲዮ ከረንት 0.7 አምፔር ገደማ ነው። በፓይ ኔትወርኩ ውስጥ የሚመላለሰው ከረንት ግን 12 እጥፍ፣ ማለትም ከ8 አምፔር በላይ ይሆናል። ኮይሉ ከወፍራም የመዳብ ሽቦ ወይም ከመዳብ ቱቦ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ቀጭን ሽቦ ቢሆን በደቂቃዎች ውስጥ በጋለ ነበር።

ሜትሩ የማያሳየው ቮልቴጅ

አብዛኛው ተጠቃሚ የሚያምነው በፊት ለፊት ያለውን ሜትር ነው። ሜትሩ 3,000 ቮልት ሲያሳይ፣ በውስጡ ያለው ከፍተኛ ቮልቴጅ 3,000 ብቻ ይመስላል። እውነታው ግን ሌላ ነው።

ሜትሩ የሚለካው ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣውን ቀጥተኛ ቮልቴጅ ነው። አምፕሊፋየሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ በፕሌቱ ላይ 2,450 ቮልት ገደማ ከፍታ ያለው የሬዲዮ ውዝዋዜ ይጨመርበታል። ስለዚህ የፕሌቱ ቮልቴጅ በሰከንድ ሚሊዮኖች ጊዜ ከ550 እስከ 5,450 ይወጣል ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን የሜትሩ ቀስት ከ3,000 አይንቀሳቀስም። ሁሉም ነገር በትክክል እየሠራ እንኳ ሁኔታው ይህ ነው።

አንቴናው ቢቋረጥስ? ነፋስ ገመዱን ቢበጥስ፣ ወይም ተጠቃሚው የአንቴናውን ማያያዣ ሳይገጥም ማስተላለፍ ቢጀምር፣ ኃይሉ የሚወጣበት በር ይዘጋል። ዥዋዥዌውን የሚይዘው የለም፤ ገፊው ግን መግፋቱን አላቆመም። የሰርኪቱ ኪው ከ12 ተነሥቶ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ቮልቴጁም አብሮ ይወጣል። በዚህ ጊዜ በካፓሲተሩ ቅጠሎች መካከል ወይም በባንድ መቀየሪያው ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል፤ የጥይት ያህል የሚጮህ ድምፅም ሊሰማ ይችላል።

ያለ በቂ ጭነት የሚሠራ አምፕሊፋየር ምልክት ይሰጣል፦ የፕሌቱ ከረንት ዝቅ፣ የግሪዱ ከረንት ደግሞ ከፍ ይላል። ልምድ ያላቸው ተጠቃሚዎች የግሪዱን ሜትር ከሌላው ሁሉ አስቀድመው የሚመለከቱት ለዚህ ነው። ባንድ መቀየሪያውን እያስተላለፉ ማዞርም ተመሳሳይ ጉዳት ያስከትላል፤ መቀየሪያው በሁለት ቦታዎች መካከል ባለበት ቅጽበት ሰርኪቱ ሬዞናንሱን ያጣል፣ ከረንቱም በብልጭታ ይዘላል።

በደጋ አገር አየሩም ይሳሳል

በካፓሲተር ቅጠሎች መካከል ያለው መከላከያ አየር ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ደረቅ አየር በእያንዳንዱ ሚሊሜትር 3,000 ቮልት ገደማ ይቋቋማል ተብሎ ይገመታል። ይህ አቅም ግን ከአየሩ እፍጋት ጋር አብሮ ይቀንሳል።

ይህ ጉዳይ ለአፍሪካ ቀንድ ደጋማ ከተሞች በቀጥታ ይመለከታቸዋል። አዲስ አበባና አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። በጅቡቲ ወይም በሞምባሳ ያለ ብልጭታ የሚሠራ አምፕሊፋየር፣ በአዲስ አበባ በተመሳሳይ ማስተካከያ ብልጭታ ሊያሳይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአየሩ መሳሳት በማቀዝቀዣውም ላይ ጫና አለው። ፋኑ በደቂቃ የሚያነፍሰው የአየር መጠን ያው ቢሆንም፣ በዚያ መጠን ውስጥ ያለው የአየር ክብደት ያነሰ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የመሣሪያዎቻቸው አቅም ዝቅ ተደርጎ እንዲታሰብ የሚመክሩት ያለ ነገር አይደለም።

ያልተጋበዘው ሬዞናንስ

እስካሁን የተነገረው ሆን ተብሎ ስለሚፈጠር ሬዞናንስ ነው። በአምፕሊፋየር ውስጥ ግን ማንም ያልነደፈው ሬዞናንስም አለ። ማንኛውም ሽቦ፣ አጭር ቢሆንም እንኳ፣ የኮይል ባሕርይ አለው። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ብረቶችም ትንሽ ካፓሲተር ይሆናሉ። ከፕሌቱ እስከ ተለዋዋጩ ካፓሲተር ያለችው አጭር ብረት ከቫልቩ የውስጥ ካፓሲተር ጋር ተዳምራ፣ ከ100 ሚሊዮን ሄርዝ በላይ ባለ ፍሪኩዌንሲ ሬዞናንስ ልትፈጥር ትችላለች።

በዚህ ፍሪኩዌንሲ ቫልቩ የራሱን ድምፅ ራሱ ማጉላት ከጀመረ፣ ማንም ሳያዘው ማስተላለፍ ይጀምራል። ይህን ለመግታት ከፕሌቱ አጠገብ ጥቂት ዙር ያላት ኮይልና በጎኗ ከ50 እስከ 100 ኦም የሚደርስ ሬዚስተር ይገጠማል። በዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ከረንቱ በኮይሏ በቀላሉ ያልፋል፤ በከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ግን ወደ ሬዚስተሩ ተገዶ ኃይሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

በአማተሮች መካከል ለአሥርት ዓመታት የዘለቀ ክርክር ያስነሳውም ይህ ነጥብ ነው። አምፕሊፋየሮች አንዳንድ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ በታላቅ ፍንዳታ ይበላሻሉ፤ ፊውዝ ይበጠሳል፣ ሬዚስተሮች ይሰነጠቃሉ። አንዱ ወገን ምክንያቱ ይህ ያልተጋበዘ ውዝዋዜ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ወደ ቫልቩ ቀስ በቀስ የገባ ጋዝ በውስጡ ብልጭታ ስለሚያስነሳ ነው ሲል ይሞግታል። ለብዙ ዓመታት በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቫልቭ በድንገት 3,000 ቮልት ሲሰጠው ብልጭታ ማስነሳቱ ሁለተኛውን ሐሳብ ያጠናክረዋል።

ክርክሩ የቱንም ያህል ቢጦዝ መፍትሔው ሁለቱንም ያስማማል። በፓወር ሰፕላዩና በፕሌቱ መካከል በተከታታይ የሚገጠም 25 ኦም የሚያህል ጠንካራ ሬዚስተር፣ የብልጭታውን ከረንት ከ120 አምፔር እንዳያልፍ ያደርገዋል። ሬዚስተሩ ከሌለ የካፓሲተሮቹ ኃይል በሙሉ በአንድ ቅጽበት በቫልቩ ውስጥ ይፈስሳል።

ሌላው ስውር ሬዞናንስ የሚገኘው ቀጥተኛውን ቮልቴጅ ወደ ፕሌቱ በሚያደርሰው ረጅም ኮይል፣ ማለትም በቾኩ ውስጥ ነው። ቾኩ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ፓወር ሰፕላዩ እንዳያልፍ ይከላከላል። በጥምጥሞቹ መካከል ባለው ጥቃቅን ካፓሲተር ምክንያት ግን በተወሰኑ ፍሪኩዌንሲዎች ላይ መከላከሉን ትቶ ራሱ ይቃጠላል። የድሮ መሐንዲሶች ይህን ፍሪኩዌንሲ በአማተር ባንዶች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ያሳርፉት ነበር። በአውሮፓውያኑ 1979 በጄኔቫ የተካሄደው የዓለም ሬዲዮ ጉባኤ ለአማተሮች በ10፣ በ18 እና በ24 ሜጋ ሄርዝ አዳዲስ ባንዶችን ሲፈቅድ ግን ከክፍት ቦታዎቹ አንዳንዶቹ ባንድ ሆኑ። የቆየ አምፕሊፋየር በእነዚህ ባንዶች ላይ ከመሞከሩ በፊት ቾኩ መመርመር ያለበት ለዚህ ነው።

ሲጠፋ የሚቀረው

በመደርደሪያ ላይ ጸጥ ብሎ የተቀመጠው አደጋ ከሁሉ የከፋ ነው። ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ እንዲረጋ ትላልቅ ካፓሲተሮች ያስፈልጋሉ። በአንድ የተለመደ ንድፍ እያንዳንዳቸው 200 ማይክሮፋራድ የሆኑ ስምንት ካፓሲተሮች በተከታታይ ይያያዛሉ። በአንድነት 25 ማይክሮፋራድ ይሆናሉ፤ በ3,000 ቮልት ሲሞሉም 112 ጁል ያህል ኃይል ይይዛሉ። ለንጽጽር ያህል፣ ሐኪሞች ምቱ የተዛባ ልብን ለመመለስ የሚጠቀሙበት ዘመናዊ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለአዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ120 እስከ 200 ጁል ይለቃል። በሐኪም እጅ ልብ የሚመልሰው መጠን በአደጋ ጊዜ ልብ ያቆማል።

የቤት ውስጥ መከላከያ ብሬከርም እዚህ ላይ አይደርስም። በ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት የሚቆርጠው ብሬከር የሚመለከተው ከግድግዳ የሚመጣውን መስመር ብቻ ነው። ከትራንስፎርመሩ ማዶ ያለው ከረንት በሰው አካል በኩል ቢያልፍ ብሬከሩ አያየውም። የሰው አካል 1,000 ኦም ያህል ቢከላከል፣ 3,000 ቮልት 3 አምፔር ያሳልፍበታል፤ ይህ ብሬከሩ እንዲቆርጥ ከተወሰነለት መጠን 100 እጥፍ ነው።

ካፓሲተሮቹ መሣሪያው ሲጠፋ ባዶ እንዲሆኑ በእያንዳንዳቸው ላይ አፍሳሽ ሬዚስተር ይገጠማል። ሬዚስተሮቹ በድምሩ 240 ሺህ ኦም ቢሆኑ፣ ቮልቴጁ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከ3,000 ወደ 20 ይወርዳል። ከስምንቱ አንዱ ቢበጠስ ግን የእሱ ካፓሲተር እስከ 375 ቮልት እንደያዘ ሊቆይ ይችላል። ዕድሜ በገፋ መሣሪያ ውስጥ የሬዚስተር መበጠስ ያልተለመደ አይደለም።

ዕውቀት ብቻውን ከዚህ አደጋ እንደማያድን ታሪክ ይመሰክራል። በአውስትራሊያ የተወለደው ሮስ ሐል በአሜሪካ የአማተሮች ማኅበር መጽሔት ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ የሬዲዮ ሞገድ ከአድማስ ባሻገር የሚታጠፈው በአየር ንብርብሮች ምክንያት መሆኑን በማጥናቱ የሚታወቅ ተመራማሪ ነበር። በአውሮፓውያኑ መስከረም 1938 በቤቱ በቴሌቪዥን መሣሪያ ላይ ሲሠራ በከፍተኛ ቮልቴጅ ተመትቶ ሞተ። በዘመኑ ስለ ሬዲዮ ከእሱ የተሻለ የሚያውቁ ሰዎች ጥቂት ነበሩ።

ባለሙያዎች ምን ይመክራሉ?

በዚህ መስክ የዳበረው የጥንቃቄ ሥርዓት ቅደም ተከተሉ ሳይዛባ መፈጸም ያለበት ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያውን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ በዓይን በሚታይ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የፕሌቱ ሜትር ወደ ዜሮ እስኪወርድ መጠበቅ ይገባል፤ ሜትሩ ራሱ ሊበላሽ ስለሚችል ግን ዜሮ ማሳየቱን እንደ ማረጋገጫ መውሰድ አይገባም።

ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ረጅም መከላከያ እጀታ ባለው ዘንግ ፕሌቱን ከመሣሪያው ብረታማ አካል ጋር ማገናኘት የግድ ነው። የዘንጉ ሽቦ አስቀድሞ ከብረቱ አካል ጋር መታሰር አለበት። ትላልቅ ካፓሲተሮች ባዶ ከሆኑ በኋላ እንኳ ጥቂት ቮልቴጅ መልሰው ሊያቆሙ ስለሚችሉ፣ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ማገናኛውን አለማንሣት ይመከራል።

በየገበያው የሚገኘው ተራ መልቲሜትር 3,000 ቮልት ለመለካት አልተሠራም። አብዛኞቹ የሚችሉት እስከ 600 ወይም 1,000 ቮልት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ብልጭታው በያዘው ሰው እጅ ላይ ይነሣል። ለዚህ ሥራ በተለይ ለከፍተኛ ቮልቴጅ የተሠራ መለኪያ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ከጥንት ጀምሮ እንደሚያደርጉት፣ አንድ እጅን ኪስ ውስጥ አድርጎ መሥራት ከረንቱ ከእጅ ወደ እጅ በደረት በኩል እንዳያልፍ ይረዳል። ብቻን አለመሥራትም እንዲሁ፤ አጠገብ ያለው ሰው ደግሞ የዋናውን ማብሪያ ቦታ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ጥንቃቄው ከመሣሪያው ውጭም ይቀጥላል። የአንቴና ሽቦ ጫፍ በራሱ ሬዞናንስ ምክንያት ሲተላለፍ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይኖረዋል፤ ቆዳንም ክፉኛ ያቃጥላል። ስለዚህ ሕፃናት፣ ጎረቤቶችና እንስሳት በማይደርሱበት ከፍታ ላይ መሰቀል ይኖርበታል።

አዲሶቹ አምፕሊፋየሮች በ50 ቮልት አካባቢ በሚሠሩ ትራንዚስተሮች የተገነቡ ሲሆን፣ የ3,000 ቮልቱን አደጋ አስወግደዋል። ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው፤ የተሳሳተ አንቴና ሲገጥማቸውም ከቫልቮች ይበልጥ በፍጥነት ይበላሻሉ። የቆዩት የቫልቭ አምፕሊፋየሮች በአንጻሩ በቀላሉ ስለሚጠገኑ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ዛሬም ያገለግላሉ። እንዲህ ያለ መሣሪያ የተረከበ ሰው ኃይል ከመስጠቱ በፊት አፍሳሽ ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ ቢለካ፣ የሚፈጅበት ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።